ኤሌክትሪክ የያዘው አባቴ

ልጅ ሳለሁ አባቴ ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ ብዬ አምን ነበር። እንደ ተረት አይደለም። እሳት ያቃጥላል፣ ውሃ ያረጥባል ብዬ እንደማምነው ነው ያመንኩት። ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ ነኝ ከዚህም ከዚያም ለቃቅሜ የደረስኩበት። ያን ሰሞን ቤታችን ውስጥ ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩ ነበር። ልጅ ደግሞ ዝቅ ያለ ድምፅ ሲሰማ ጆሮው ይቆማል፤ ግማሹን ይሰማና ግማሹን ከራሱ ይሞላዋል።

አባቴ ቾክ ጠምጣሚ ነበር። ድምፅ በሚያጎላ አሮጌ ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር ውስጥ፣ እነዚያ ሲሞቁ እንደ ፍም የሚቀሉት የመስታወት ቫልቮች በተተከሉበት ሣጥን፣ አንድ እንደ ጡብ የከበደ ብረት አለ፤ ቾክ የሚባለው እሱ ነው። ከግድግዳ የሚመጣው ኤሌክትሪክ አመለኛ ነው። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ እያለ ይመጣል፤ ካልተገራ ስፒከሩ ከዘፈኑ በፊት «እምምም» ማለት ይጀምራል። ቾኩ ይገራዋል። «ቾክ ጥሩ ሞግዚት ነው» ይል ነበር አባቴ፤ «አይመታም፣ አይቆጣም፣ ያባብላል።»

ወርክሾፑ ከመኖሪያ ቤታችን ፊት ለፊት፣ ግቢውን ተሻግሮ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ቫርኒሽ ቫርኒሽ ትሸታለች። አባቴ የመጠምጠሚያውን እጀታ በግራው እያዞረ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነውን የመዳብ ሽቦ በቀኝ እጁ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሀል ያሳልፈዋል። ጣቶቹ ሽቦውን አይጎትቱትም፤ መንገድ ያሳዩታል እንጂ። ዙሩ ከዙሩ ጎን እንደ ተማሪ ሰልፍ ተጠጋግቶ ይተኛል። አንዱ ረድፍ ሲሞላ ስስ ወረቀት ያለብሰዋል፣ ከዚያ ሌላ ረድፍ ይጀምራል። የእኔ ሥራ ወረቀቱ እንዳይንሸራተት በጣቴ መያዝ ነበር። እዚያው እንደተቀመጥኩ ሳላቋርጥ አወራለሁ። «ጢንዚዛ» የሚል ስም ያወጣልኝም ለዚህ ነው። «ጢንዚዛ፣ ቁጥር አስጠፋሽኝ!» ይለኛል። አልጠፋበትም፤ መጠምጠሚያው ላይ ቆጣሪ አለው።

እናቴ ከበሩ ጎን በተሰቀለችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ቁጥር ትጽፋለች፣ ታጠፋለች፣ ደግሞ ትጽፋለች። ከመውለዷ በፊት ሒሳብ አስተማሪ ስለነበረች፣ ትምህርቷ እንዳይረሳት የምትለማመድ ይመስለኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ ነው የገባኝ፤ ቾኩን የምታስበው እሷ ነበረች። ምን ያህል ብረት፣ ስንት ዙር፣ የትኛው ሽቦ፣ ሁሉም ከዚያች ሰሌዳ ነው የሚወጣው። እሷ ታስበዋለች፣ እሱ ይጠመጥመዋል። ደንበኛው ግን የሚያውቀው የአባቴን እጅ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ያለሱ የቀረው አይገባም። ሽቦው ተጠምጥሞ ሲያልቅ፣ ሦስት ጥርስ ያለው ማበጠሪያ የመሰሉ ስስ ብረቶች መሀሉ ላይ ይሰኩበታል፤ በጥርሶቹ ጫፍ ሌሎች ቀጥ ያሉ ብረቶች ይገጠሙና ይዘጋል። ይዘጋል አልኩ እንጂ ጥርቅም ብሎ አይዘጋም። በጥርሶቹና በመዝጊያው መሀል አንዲት ወረቀት ትገባለች። ያቺን ታህል ክፍተት ካላገኘ ብረቱ ይጠግባል። ቃሉ የአባቴ ነው። «ብረትም እንደ ሰው ነው፤ ከጠገበ አይሰማም።» የጠገበ ቾክ ኤሌክትሪኩን መግራት ይተዋል፤ ስፒከሩም ያጉረመርማል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ስጫወት ከወርክሾፑ «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ወንበር ወደቀ። ሮጬ ስደርስ አባቴ ወለሉ ላይ ተዘርሯል። አፉ ተከፍቷል፣ ዓይኑ ጣሪያውን ያያል። ልነካው እጄን ስዘረጋ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ከኋላዬ ደርሶ ቀሚሴን ጨምድዶ ወደ ላይ አነሳኝ።

«እንዳትነኪው! ኤሌክትሪክ ይዞታል! ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው የነካ አብሮ ይያዛል!»

ልብስ ሰፊው ደግ ሰው ነበር፤ ያን ቀን ግን ተሳስቷል። አምፕሊፋየሩ ከግድግዳው ተነቅሎ ነበር። ውስጡ ያለው ኮንደንሰር የሚባለው ዕቃ ግን ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ቋጥሮ ይቆያል። ሠሪ ሁሉ መጀመሪያ እሱን ያራግፋል፤ አባቴ ቸኮለና ሳያራግፍ እጁን ሰደደ። የተቋጠረው በአንድ ምት በእጁ ወጥቶ አለቀ። እኔ ስደርስ በአባቴ ውስጥ ከድንጋጤ በቀር የቀረ ነገር አልነበረም። ይህን ለእኔ መንገር ማን ያስታውሳል? «እንዳትነኪው» ያለኝ ነበር፤ «አሁን ንኪው» ያለኝ አልነበረም።

ከሆስፒታል ሲመለስ ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር። ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ተረፍክ» እያለ ይገባል፣ ይወጣል። እኔ በሩ ጥግ ቆሜ አየዋለሁ።

«ነይ እንጂ፣ ጢንዚዛ!» አለኝ ግራ እጁን ዘርግቶ።

አልሄድኩም።

«ደንግጣ ነው፣ ተዋት» አለች እናቴ። አባቴም እጁን ቀስ ብሎ ጉልበቱ ላይ መለሰው።

እኔ እኮ ሳላጣራ አይደለም የፈራሁት፤ ማስረጃ ነበረኝ። ፋሻው ሲፈታ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ በውስጡ የሚሄድ ነገር ባይኖር ለምን ይንቀጠቀጣል? ሰው መብራት ሊያበራ ማብሪያውን «ቀጭ» ሲያደርግ፣ ስሙን የጠሩት ይመስል ከወንበሩ ይነሳል። ጠዋት ጠዋት ፀጉሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ድሮም ይቆም እንደነበር ያኔ ትዝ አላለኝም። ከሁሉም የባሰው ደግሞ የእናቴ ጫማ ነው። ጎማ ኤሌክትሪክ እንደማያሳልፍ የነገረኝ ራሱ አባቴ ነው። እናቴ ቁስሉን ስታጥብለት የጎማ ነጠላ ጫማዋን ነው የምታደርገው። አሃ! አልኩ በልቤ፤ እሷም ታውቃለች ማለት ነው።

ስለዚህ የዝናብ ቦት ጫማዬን ከአልጋ ሥር አወጣሁ። ፀሐዩ ድንጋይ ይሰነጥቃል፤ እኔ እስከ ጉልበቴ ጎማ ለብሼ ግቢ ለግቢ እዞራለሁ። ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ «ደመና አየሽ እንዴ፣ ልጄ?» ይለኛል። ሰው ሁሉ ይስቅብኛል። አባቴ ብቻ አይስቅም። ምሳውን ሳቀብለው ሳህኑን የጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ እዘላለሁ። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ መክተት አመጣ፤ ሲቀመጥም ሲሄድም ከኪሱ አያወጣውም።

ጠባሳው ያስፈራኝ መስሎት ነበር። እኔ የምሸሸው እንዳልያዝ ነው፤ እሱ እጁን የሚደብቀው እንዳልፈራ ነው።

ወርክሾፑን እናቴ ቆለፈችው፤ ቁልፉን በክር አድርጋ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። አባቴን የከለከለችው መሰለኝ፤ በውስጤም ተቀየምኳት። ለካስ ቁልፉን አውጥቶ የሰጣት እሱ ነው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንደሚባለው፣ ከዚያ ወዲህ ሽቦ ሲያይ ላብ ያጠምቀው ነበር። «ሁለተኛ እዚያ አልገባም፤ ያዢልኝ» ብሏታል። ቀኑን ሙሉ ጥላ ሥር ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል። ፂሙን መላጨት ተወ። የጀመረውን ወሬ መሀል ላይ ይረሳዋል።

የጭነት መኪና ሹፌር የሆነው አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ሊጠይቀን የመጣው በዚህ መሀል ነው። ከእናቴ ጋር ሳሎን ተቀምጠው ሲያወሩ እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ።

«ሽጪው» አላት።

«አልሸጠውም።»

«እህቴ፣ ዝም ብሎ ቁጭ ብሎ ምን ይሠራልሻል? የሚፈልገው ሰው ቢወስደው አይሻልም?»

«ማን ይወስደዋል ብለህ ነው? አርጅቷል። አመሉን ደግሞ ከእኔ በቀር የሚያውቅለት የለም።»

«ግዴለሽም፣ ገዢ እኔ አመጣልሻለሁ።»

«ተው ብዬሃለሁ» አለች እናቴ፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «እሱ ከዚህ ቤት ከወጣ ምን ይቀረኛል?»

የሚያወሩት ስለ መጠምጠሚያው ነበር። እኔ ግን በመስኮቱ ወደ ግቢው ተመለከትኩ። ዝም ብሎ ቁጭ ያለ፣ ያረጀ፣ አመሉን እናቴ ብቻ የምታውቅለት አንድ ሰው ጥላው ሥር ተቀምጧል። አጎቴን እወደው ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከረሜላውን መቀበል ተውኩ።

ገዢው ማን እንደሆነ ለማወቅም ብዙ አልቆየሁም። ባለ ሲኒማው ራሱ መጣ። ባለ ሲኒማው የምንለው ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ ሲናገር ሁለት ግቢ የሚሰማ ሰው ነው። የአዳራሹ አምፕሊፋየር ቾኩ ተቃጥሎበት እኛ ዘንድ ተኝቷል፤ ያን ቀን አባቴ ሲሠራ የወደቀውም በእሱ ላይ ነው።

«እመቤቴ፣ አዳራሼ ዲዳ ሆነ እኮ!» አላት እናቴን በር ላይ። «ተዋንያኑ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ድምፅ የለም፤ ተመልካቹ ከራሱ እየፈጠረ ይናገርላቸዋል። እኔ ሌላ አልፈልግም፤ ባልሽን ብቻ ስጪኝ!»

«ትንሽ ይታገሡኝ» አለች እናቴ። «እያዘጋጀሁት ነው።»

በቃ፣ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ። ሲኒማ ቤቱ ኤሌክትሪክ አንሶታል፤ አባቴ ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ። ይገዙታል፣ ይወስዱታል፣ ከአዳራሹ ጀርባ አስቀምጠው ሽቦ ይሰኩበታል። አባቴም እንደ ቾክ ጨለማ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ሲያባብል ይኖራል። አሁን ሳስበው ሳቄ ይመጣል። ያን ጊዜ ግን ምግብ ከአፌ አልገባ አለ።

እናቴ ወርክሾፑን ከፍታ ራሷ መጠምጠም ጀመረች። በእጇ የምትሠራው የመጀመሪያዋ ነበር። ሽቦው ይበጠስባታል፤ ትሳደባለች፤ ፈትታ እንደገና ትጀምራለች። እኔ ቦት ጫማዬን አድርጌ እንደ ድሮው ወረቀቱን እይዝላታለሁ። ረድፉ እንደ አባቴ እንደ ሰልፍ አልተኛም፤ ቢሆንም ቀስ በቀስ ቀና። ብረቶቹን ሰካች፣ ወረቀቷን መሀል አስገባች፣ መዝጊያውን ገጠመች፣ ብሎኖቹን አሰረች። «ጎሽ» አለች ለራሷ።

ከዚያ ብሎኖቹን መልሳ ፈታች። መዝጊያውን አነሳች፣ ወረቀቷን በሁለት ጣት ይዛ አወጣች፣ ኪሷ ከተተች። ያለ ወረቀት መልሳ ገጥማ አጠበቀችው። ቀና ስትል ዓይኗ ዓይኔ ላይ አረፈ።

«ምን ታያለሽ?»

«ወረቀቷን…»

«ዝም! ያየሽውን ለማንም እንዳትናገሪ። ለአባትሽማ ፈጽሞ!»

እናቴ ክፉ ሆነች ብዬ ያመንኩት ያን ጊዜ ነው። የአባቴን ቾክ እያወቀች አበላሸችው። ስሙን አጥፍታ፣ ዋጋ የለውም አሰኝታ ልትሸጠው ነው። ከወርክሾፑ ወጥቼ በቦት ጫማዬ እየተደነቃቀፍኩ አባቴ ዘንድ ሄድኩ፤ እንዳይነካኝ ራቅ ብዬ ቆምኩ።

«አባዬ፣ እማዬ ወረቀቷን አወጣቻት።»

«የትኛዋን ወረቀት?»

«የመሀሏን። አስገብታት ነበር፤ ከዚያ አወጣቻትና ደበቀቻት። እንዳትናገሪ ብላኛለች።»

አባቴ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ወደ ወርክሾፑ በር ተመለከተ።

ከብዙ ዓመት በኋላ እናቴን «ለምን በእኔ ፊት አደረግሽው?» ብዬ ጠየቅኋት። ዓይነ ስውር የሆንኩ ያህል ገርሟት አየችኝ። «ታዲያ በማን ፊት ላድርገው? አንቺ እንደሆንሽ ንገሪ የተባልሽውን ትረሻለሽ፤ አትናገሪ የተባልሽውን ግን አገር ያውቀዋል።» አባቴን በልመና ወደዚያ በር ማምጣት አልተቻላትም። ሐኪሙ መክሮታል፣ አጎቴ ተቆጥቶታል፣ እሷም አልቅሳበታለች። ቢቸግራት የተበላሸ ቾክ ሰጠችው።

ያን ቀን ለአባቴ ነግሬው ሳልጨርስ ከወርክሾፑ «እምምምም» የሚል ድምፅ መጣ። እንደ ተቆጣ ቀፎ ግቢውን ሞላው። ልብስ ሰፊው መኪናውን አቁሞ ጆሮውን ያዘ። ባለ ሲኒማው በዚያው ሰዓት እንደ ተጠራ ሰው ከች አለ፤ ወርክሾፑ በር ላይ ቆመና መጮህ ጀመረ።

«ይሄ ነው ሥራው? ይሄ ነው የተመሰገነው እጅ? ምነው… ምነው…» ብሎ ቆመ፤ ወደ እናቴ ዞር አለ። እናቴ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። «አዎ! ምነው ቢቀርብኝ!» አለ።

ተጠርቶም ነበር፤ ቃሉንም አስጠንታዋለች። ያን ሁሉ ፊልም እያሳየ የኖረ ሰው፣ ትወና የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

አባቴ ከወንበሩ ተነሳ። ግቢውን ሲያቋርጥ እኔ ከኋላው ተከተልኩ። ደፍ ላይ ሲደርስ እግሩ ቀጥ አለ። ከአንገቱ ላይ ላብ ሲወርድ ከኋላ አየዋለሁ። ኪሱ ውስጥ ያለው እጁ ጨርቁን ያርገበግበዋል።

«ጠግቧል» አለ ከደፉ ላይ ሆኖ።

«ምን አልክ?» አለች እናቴ፤ ሰምታዋለች።

«ብረቱ ጠግቧል! ክፍተት የለውም።»

«እኔ አልገባኝም። መጥተህ አሳየኝ።»

«አጥፊው መጀመሪያ።»

አጠፋችው፣ ነቀለችው። ድምፁ ሲቆም ግቢው የሰፋ መሰለኝ።

«ኮንደንሰሩስ?»

ደረቅ እንጨት ላይ የታሰረ ማራገፊያ ነበራቸው። እናቴ ወስዳ አንድ በአንድ ነካካች፣ ደገመችው። አባቴ አልተንቀሳቀሰም። አየችውና እንጨቱን አስቀምጣ ባዶ እጇን ወደ ሣጥኑ ሰደደች።

«እማዬ!» ብዬ ጮህኩ።

«ይኸው» አለች፤ ጣቶቿ ያን ቀን እሱ የነካው ቦታ ላይ ነበሩ። «ይኸው፣ ምንም የለም። ና።»

አባቴ ገባ።

ቾኩን ፈትቶ አወጣው፤ ግን በግራ እጁ ብቻ ነበር የሚሠራው፤ መዝጊያውን ይዞ ወረቀት ማስገባት አልሆነለትም። ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣው። ሮዝ ጠባሳው መዳፉን አቋርጦ ይሄዳል። እናቴ ልትረዳው አልተጠጋችም፤ ከግድግዳው ጥግ ቆማ የአምፕሊፋየሩን ገመድ በሁለት እጇ ጨብጣለች። የሚሰኩበት ገመድ ያ ነው አልኩ በልቤ። ሥራውን እንደጨረሰ ሊሰኩት ነው።

«ጢንዚዛ» አለ አባቴ ዞር ሳይል፤ «ወረቀቷን ያዢልኝ።»

አንድ እርምጃ ወደፊት ሄድኩ።

«ቦት ጫማሽን አውልቂ!» አለች እናቴ። «ወለሉን በአቧራ አበላሸሽው።»

ቆምኩ። አባቴን አየሁት፤ ገመዱን አየሁት፤ በሩን የሞላውን ባለ ሲኒማ አየሁት። ልጅ ነበርኩ፤ ግን ያን ጊዜ የወሰንኩት ዛሬም ትዝ ይለኛል። እኔም ከተያዝኩ ሁለታችንንም ነው የሚወስዱን፤ ቢያንስ ብቻውን አይሆንም። ቦት ጫማዎቹን አወለቅኩ። ሲሚንቶው እግሬን አቀዘቀዘው። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ እጄን የአባቴ እጅ ላይ ጣልኩ።

ይሞቃል። ይሻክራል። ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ሌላ ምንም የለም።

አንድ ዓይኔን ገለጥኩ። «አልያዘኝም!» አልኩ።

«ምኑ?»

«ኤሌክትሪኩ! የያዘህ ኤሌክትሪክ! ወጥቷል እንዴ፣ አባዬ? ከወጣ አይገዙህም አይደል?»

አባቴ ቾኩን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ልብስ ሰፊው ያለውን፣ ስለ ጎማው፣ «ሽጪው» ያለውን አጎቴን፣ ሲኒማ ቤቱን፣ ጨለማውን ሣጥን። እያለቀስኩ ስለምናገር ግማሹ አይሰማም ነበር። አባቴ እግሬን አየ፤ በሩ ሥር ወዳስቀመጥኳቸው ቦት ጫማዎች ዞረ፤ ተመልሶ እጁን አየ።

«ለዚህ ነው?» አለ በሹክሹክታ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ለዚህ ነው የራቅሽኝ?»

ወለሉ ላይ ተንበረከከና በሁለቱም እጁ አቀፈኝ። ሳይላጭ የከረመ ፂሙ ግንባሬን ወጋኝ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ የሚያለቅስ መሰለኝ፤ ከዚያ ሲስቅ ሰማሁት፤ ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ዝቅ ዝቅ እያለች ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ገመዱን ግን አልለቀቀችም።

«እኔን አይሸጡኝም» አለኝ አባቴ ጆሮዬ ሥር።

«ብትሸጥስ ማን ይገዛሃል!» አለ ባለ ሲኒማው ከበሩ፤ ይህን ማንም አላስጠናውም። «እስቲ ጨርቅ ስጡኝ፣ ዓይኔን ልጥረግበት።»

ወረቀቷን ከእናቴ ኪስ ተቀብለን አስገባናት። አባቴ ብሎኑን ሲያጠብቅ እኔ መዝጊያውን በሁለት እጄ ተጭኜ ያዝኩለት፤ እጆቻችን ይነካካሉ፤ ሆን ብዬም አነካካቸዋለሁ። ቾኩ ቦታው ተመለሰ፣ ሽቦዎቹ ተበየዱ። እናቴ ሰካችው። አባቴ ትንፋሹን ይዞ ማብሪያውን ራሱ ተጫነ። ቫልቮቹ ቀስ እያሉ ቀሉ። ሁላችንም አንገታችንን ወደ ስፒከሩ አስግገን ቆምን።

ጸጥ።

«አልበራም እንዴ?» አለ ባለ ሲኒማው።

«በርቷል» አለ አባቴ። «በርቶ ነው እንዲህ ዝም ያለው።»

የድምፁን ቁልፍ ትንሽ ዞር ሲያደርገው ከግቢው ማዶ የነበረው ልብስ ሰፊ በደስታ አጨበጨበ፤ ለመሞከሪያ ከተያያዘው ሬዲዮ የመጣ የአንዲት ሴት ዘፈን ክፍሉን ሞልቶት ነበር።

እናቴ ያን ገመድ ለምን ጨብጣ እንደቆመች የነገረችኝ እኔ ራሴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። አባቴ ጎንበስ ባለ ቁጥር ለመንቀል ተዘጋጅታ ነበር። «ልቤ ከጉሮሮዬ አልወረደም» አለችኝ። «ለራሴም፣ እብድ ነሽ አንቺ፣ እንዲህ ያለ ሰው እንዲህ ይደረጋል? እያልኩ ነበር። ሌላ መንገድ ቢኖረኝ አላደርገውም።» አባቴ አጠገባችን ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል፤ ሸምግሏል፣ ጆሮው ግን አልደከመም።

«እኔ እኮ ገና ጢንዚዛ ስትነግረኝ አውቄዋለሁ» አለ ጋዜጣውን ሳያወርድ። «አንቺ ወረቀት የምትረሺ ሴት ነሽ እንዴ?»

«ታዲያ ካወቅክ ለምን መጣህ?»

ገጹን ገለጠ። «ይህን ያህል የተለፋበት ነገር በከንቱ ሊቀር ነው?»

ቾኩ በተጠገነ ማግሥት ጠዋት ከእንቅልፌ የነቃሁት በጩኸት ነው። በባዶ እግሬ ወደ ግቢው ሮጥኩ። የወርክሾፑ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አባቴ ፂሙን ተላጭቶ፣ የሥራ ካፖርቱን ለብሶ፣ መሀል ላይ ቆሞ ይቆጣል።

«ፒንሳዬን እዚህ የሰቀለው ማነው? ፒንሳ እዚህ ይሰቀላል? ሽቦውስ? ቀጭኑ ከወፍራሙ ጋር! ይሄ ወርክሾፕ ነው ወይስ ጉሊት? እኔ ዘወር ስል እንዲህ ታደርጉታላችሁ?»

እናቴ ደፍ ላይ ቆማ ታዳምጠዋለች። አልመለሰችለትም፤ ሌላ ጊዜ ለአንድ ቃል ሁለት ነበር የምትመልሰው።

«ይሄንንስ ቫርኒሽ ክዳኑን ማን ከፍቶ ተወው?»

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ።

«እና ምን ያስቅሻል?»

«ምንም» አለች፤ «ቀጥል። ገና መደርደሪያውን አላየኸውም።»